አዝማሚያው የት አለ?

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ሦስተኛ ጊዜው ነው። ሦስተኛ! የመመረቂያ ጽሑፌን ምዕራፍ ሁለት ዛሬም መለሰልኝ። ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ጥያቄ አለች፦ «አዝማሚያው የት አለ?» ሌላ ምንም የለም። ያን ሁሉ ገጽ ጽፌ ሦስት ቃል!

ዶክተር ሐጎስ አማካሪዬ ነው። በዕድሜ እኔ እበልጠዋለሁ፤ «እርስዎ» እያለ ነው የሚገድለኝ። «እርስዎ ያመጡልኝ ክምር ነው። ጥናቶቹ ከየት ተነሥተው ወዴት እየሄዱ እንደሆነ አላሳዩኝም» አለኝ። የተነጋገርነው በትግርኛ ነው። እዚህ የምጽፈው ግን በአማርኛ ነው፤ እናቴ የደሴ ልጅ ስለሆነች ንዴት የሚወጣልኝ በአማርኛ ነው።

ርዕሱን ያወጣልኝ ራሱ ነው፦ «በሙያ ትምህርት የማስተማሪያ ስልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አዝማሚያና የሁለት ስልቶች ንጽጽር»። ለመጥራት እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ሬጅስትራር ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ ቀና ብላም አላየችኝ። «የዛሬ ሳምንት ሰኞ ካላስገባሽ ስምሽ ይሰረዛል።» ሁለት ጊዜ ተራዝሞልኛል፤ ሦስተኛ የለም። ይህን ማስተርስ የጀመርኩት ከጦርነቱ በፊት ነበር። ከዚያ ትምህርቱም፣ ደሞዙም፣ ስልኩም ሁሉም ቆመ። ሲከፈት በስንት ልመና ተመልሼ ገባሁ። አሁን አንድ ሳምንት ቀረኝ። አንድ!

ጭንቅላቴ እንዲጠራ ለራሴ ላስረዳ። ኮሌጅ ውስጥ የቧንቧ ሥራ አሰልጣኝ ነኝ። አሥራ ስድስት ሰልጣኞች አሉኝ። ለጥናቱ ስል ለሁለት ከፈልኳቸው። ቡድን ሀን በድሮው መንገድ አስተምራለሁ፦ እኔ ሠርቼ አሳያለሁ፣ እነሱ ይደግሙታል። ቡድን ለን በአዲሱ መንገድ፦ የሚያፈስ መስመር እሰጣቸዋለሁ፣ «ምኑ ላይ እንደሆነ ፈልጋችሁ ጠግኑት» ብዬ ዞር እላለሁ። ሀ ሰኞና ረቡዕ፣ ለ ማክሰኞና ሐሙስ። አንዱ የሌላውን እንዳያይ የወርክሾፑን በር ራሴ ነኝ የምቆልፈው። አራት ሳምንት ሆነን። ከነገ ወዲያ ሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና ይፈተናሉ፤ የማን ቧንቧ እንደሚያፈስ እናያለን። ምዕራፍ አራት ማለት ያ ነው። እሱ ከሌለ ጥናትም የለም።

ባሌ ተስፋይ «ኣጆኺ»፣ አይዞሽ፣ አለኝ። ኣጆኺ ማለት ቀላል ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

መብራት እስከ አራት ሰዓት ነበር፤ ከዚያ ሄደ። ላፕቶፔም ተከትሎት ሄደ። በደብተር ቀጠልኩ።

ክምሬን እንዲህ ዘረጋሁት፦

የቆዩት ጥናቶች፦ መምህሩ እንዴት አድርጎ ያሳይ?
ቀጥለው የመጡት፦ ሰልጣኙ ራሱ እንዴት ያግኘው? ችግር ስጡት፣ ፕሮጀክት ስጡት።
ከዚያ፦ ፋብሪካ ውሰዱት፣ ሥራ ላይ ይማር።
የቅርቦቹ፦ ቪዲዮ ይይ፣ በስልኩ ይማር፣ ቤቱ ተምሮ ይምጣ።

ታዲያ ይኼ አዝማሚያ ካልሆነ ምንድን ነው? ከመምህሩ ተነሥቶ፣ በሰልጣኙ አልፎ፣ ስልኩ ላይ ደረሰ። ነገ ደግሞ የት እንደሚደርስ እንጃ።

ቪዲዮ ይይ! በየትኛው መብራት? በየትኛው ኔትወርክ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ፋብሪካ ውሰዱት የሚለውንም ሞክሬዋለሁ። የአንዱ ዘበኛ ደብዳቤዬን አገላብጦ አየና «ሥራ አስኪያጁ የሉም» አለኝ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ ሦስቱንም ቀን የሉም። ከሁሉም የሚያበሽቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ያን ሁሉ ሳነብ ውሃ የሌለው የቧንቧ መምህር ምን ያድርግ የሚል አንድ መስመር አላገኘሁም። ውሃ ካላለፈበት ቧንቧው ይያዝ ወይም ያፍስስ በምን ይታወቃል?

እኛ ጋ ውሃ በተራ ነው፤ ተራችን መቼ እንደሆነ ደግሞ የሚያውቅ የለም። የከተማው ውሃ ከሚሳብበት ከዓይናለም እስከ እኛ ድረስ መንገድ ላይ የሚቀር ይመስለኛል። ስለዚህ ለልምምድ የምንጠቀምበትን ታንከር ልጆቹ ከቦኖ በጀሪካን እየቀዱ ነው የሚሞሉት። ዓርብና ቅዳሜ ነው የሚቀዱት፤ ለነገው ፈተና ስላልበቃ ግን ዛሬም ላክኋቸው።

ጋሪው የሰዒድ ነው። ሰዒድ ከሰልጣኞቼ ትልቁ ነው፤ የወሎ ሰው ነው፣ ከእኔ ቢያንስ በትንሽ ነው። እዚህ ከተማ ሲሚንቶ ተሸክሟል፣ ጋሪ ገፍቷል፣ ለቧንቧ ሠራተኞች ተላልኳል። «ሥራውን በእጄ አውቀዋለሁ፤ ወረቀቱ ነው የጎደለኝ» ብሎ መጣ። ልጆቹ እንደ ታላቅ ወንድም «ኣያ ሰዒድ» ይሉታል። ጋሪው የእሱ ስለሆነ ሁልጊዜ እሱ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በተራ ያግዙታል። የተራውን ዝርዝር ጽፌ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ማንም እንዳይበደል ከሀ አንድ፣ ከለ አንድ። ወረፋው ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ አንዱን ቡድን ብቻ ብልክ ኀጢአት ነው።

ዛሬ ጠዋት ሄደው በዘጠኝ ሰዓት ተመለሱ። ታንከሩ ሞልቷል። ይኸው አንድ ነገር ተሳካ!

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ወይ ጉዴ።

በወጉ ልጻፈው። ፈተናው፦ ሁለት ቁራጭ ቧንቧ፣ አንድ መታጠፊያ ጎሚቶ፣ አንድ ሦስት አፍ ያለው ቲ፤ የቧንቧውን ጫፍ ጥርስ አውጥቶ፣ ውሃ እንዳያሳልፍ ቃጫ ጠምጥሞ፣ ገጥሞ ከታንከሩ መስመር ጋር ማገናኘት። ከዚያ እኔ እከፍታለሁ፤ ቆመን እናያለን። ብጣሽ ወረቀት ከእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሥር አስቀምጣለሁ፤ ከረጠበ አፈሰሰ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ደረቅ። ሁለተኛው ደረቅ። ሦስተኛው ደረቅ። ልጆቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። አሥራ አምስቱ አንዲት ጠብታ አልጣሉም፤ አንዱ ብቻ ቲው ላይ ትንሽ አነባ፣ ጠበቅ ሲያደርገው ቆመ፤ እሱንም አሳለፍኩት። ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ውጤት አይቼ አላውቅም። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ቁጭ ብዬ ስደምረው ሀ እና ለ እኩል ሆኑ። ቅር አለኝ። «ይሁን፣ እኩል መሆንም ውጤት ነው» ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ችግሩ አረፋው ነው። መጀመሪያ ስከፍት ከቧንቧው የወጣው ውሃ ነጭ አረፋ ነበረው። ታንከሩ ውስጥ የሆነ ነገር የገባ መስሎኝ መሰላል ወጥቼ አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ሁለተኛውም አረፋ። ሦስተኛውም። ደስታው ይዞኝ ዝም ብዬ ነበር። ልጆቹ ለምሳ ሲበተኑ አንዱን መገጣጠሚያ ፈታሁት፤ ቃጫው ሙልጭልጭ ይላል። አሸተትኩት፤ የልብስ ሳሙና! ሌላ ፈታሁ፤ ሳሙና። ከሀም ፈታሁ፣ ከለም ፈታሁ፤ ሁሉም ጥርሱ ላይ ሳሙና አሽተው ነው ቃጫውን የጠመጠሙት። አጠማጠሙ ራሱ የአንድ ሰው እጅ ይመስላል።

እኔ ሳሙና አስተምሬ አላውቅም። ለሀም፣ ለለም።

ለተብርሃንን ጠራኋት። ከቡድን ለ ናት፤ ጎበዝ ናት፣ መዋሸት አትችልም። «ይህን ማን አሳየሽ?» አልኳት። «ኣያ ሰዒድ» አለች። «የት?» «ቦኖ ጋ። ወረፋ ስንጠብቅ።» «አንቺን ብቻ?» «ኧረ ሁላችንንም ነው፣ መምህር።» ያመሰገንኳት መስሏት ፈገግ አለች።

 ጀሪካን ላይ ቁጭ አልኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ዛሬ ሰዒድ ላይ ጮኽኩበት። ሰው ፊት ነው የጮኽኩት፤ አፍሬያለሁ።

«ማን አስተምር አለህ?» አልኩት። ኮፍያውን አወለቀ። «መምህር፣ አንቱ አይደሉ እንዴ ከእኔ ጋር የሚልኳቸው? ወረፋው ረጅም ነው። ጋሪው ላይ ቁርጥራጭ ቧንቧ አይጠፋም። ልጆቹ ጠየቁኝ፤ የማውቀውን ልንፈጋቸው? ወላሂ ነውር ነው።»

«ለጥናት ነው፣ ሁለቱ ቡድኖች አይገናኙ አላልኩም?»

«ወርክሾፕ ውስጥ አሉን እንጂ ወረፋ ላይ መቼ አሉን?»

 ቀጠለ ደግሞ፤ አለማቆሙ! የለ ልጆች ፍሳሹን እንዴት ፈልገው እንዳገኙት ለሀዎቹ ይነግሯቸዋል። የሀ ልጆች ደግሞ እኔ ያሳየኋቸውን ለለዎቹ ያሳያሉ። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ይፈታበታል፤ እንደገና ይገጥማል። «እኔ ሳሙናዋን ብቻ ነው የጨመርኩ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «አንዱ ቡድን ከወደቀ ዩኒቨርሲቲው እርስዎን ይጥልዎታል ብለው ፈሩ። ሁላችንም እንድናልፍልዎት ነው።»

እንዲያልፉልኝ! እኔን ለማሳለፍ ብለው ገደል ሰደዱኝ።

ግን እነሱን ምን አደርጋቸዋለሁ? ግድግዳው ጋ ሄጄ ዝርዝሩን አነበብኩት። ከሀ አንድ፣ ከለ አንድ። ከሀ አንድ፣ ከለ አንድ። የእጅ ጽሑፌ ነው፤ በማስመሪያ አስምሬ፣ ስሞቹን አሳምሬ። በሩን እየቆለፍኩ በመስኮት ያስወጣኋቸው እኔው ነኝ። ለፍትሕ ብዬ! እንዲህ ያለውን ጅልነት ሌላ አገር ማን ይሠራዋል? ሌላ አገር የቧንቧ ሰልጣኝ ጀሪካን ይዞ አይሰለፍማ።

ዝርዝሩን ቀድጄ ጣልኩት። መልሼ አነሣሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አራት ሳምንት። የቀረኝ አራት ቀን።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ለግርማይ ነገርኩት። የኤሌክትሪክ አሰልጣኝ ነው፤ ማስተርሱን ከጨረሰ ቆይቷል። እየሣቀ ሰማኝና «ሳሙና በሠንጠረዥሽ ላይ አለ?» አለ። የለም አልኩት። «እንግዲያው የለም። ሀ እና ለ እኩል ወጡ፣ በስልቶቹ መካከል ልዩነት አልታየም፤ አበቃ። ማን መጥቶ ቧንቧ ይፈታብሻል?»

ተስፋይም ያው ነው። ሚኒባስ ሲነዳ ውሎ ደክሞት ገብቶ «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ስንት ዓመት የተሠቃየሽበት ነው፤ ዝም ብለሽ አስገቢው» አለኝ። እውነቱን ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ እንኳ ደብተሮቼን በፌስታል ጠቅልዬ ከዱቄት በርሜል ሥር ደብቄ ነበር። ልብሴን አልደበቅሁም፤ ደብተሮቼን።

እና ጻፍኩት። አልዋሽም፣ እዚህ እንኳ ልዋሽ እንዴ? «በሁለቱ ስልቶች በሠለጠኑት መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም።» አምሮ ተቀመጠ። ከሥሩ ሠንጠረዥ፣ ከሥሩ ማብራሪያ። ሁለት ገጽ ሞላ። ሳነበው የቆየሁትን ጥናት ሁሉ ይመስላል።

የሚያሳፍረኝ ነገር፦ ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

አንድ ዐረፍተ ነገር ጎድሎኝ ደብተሬን ስገለብጥ ዋልኩ። ገምጋሚዎቹ «ቡድኖቹ አለመገናኘታቸውን እንዴት አረጋገጥሽ?» ማለታቸው አይቀርም። ሌሎቹ አጥኚዎች ለዚህ ምን ብለው እንደጻፉ ልይና አባባላቸውን ልዋስ ብዬ ነው። ስርቆት ነው፤ አውቃለሁ።

አላገኘሁም። አንዱን አነበብኩ፣ የለም። ሌላውን፣ የለም። የያዝኳቸውን በሙሉ ከላይ እስከ ታች አየሁ። የክፍሉን ስፋት ጽፈዋል፣ የመምህሩን ልምድ ጽፈዋል፣ የፈተናውን ሰዓት ጽፈዋል። ሰልጣኞቹ ከክፍል ወጥተው የት እንደሄዱ፣ ከማን ጋር እንደበሉ፣ ከማን ጋር እንደተሰለፉ የጻፈ እኔ ካነበብኳቸው ውስጥ አንድም የለም! ሁሉም የሚለኩት መምህሩ ቆሞ የሚያየውን ነው። ከዚያ ስልቱ ተቀየረ ይላሉ፤ ከማሳየት ወደ ችግር፣ ከችግር ወደ ቪዲዮ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ምን እንደሚሆን ማንም ዞር ብሎ አላየም።

ደብተሩን ዘጋሁት። እኔስ አይቼ ነበር? አረፋው ባይወጣ ኖሮ እስከ ዛሬ በውጤት ሠንጠረዤ እየኮራሁ ነበርኮ። ከእነዚያ ሁሉ ጥናቶች ጀርባ ስንት ሰዒድ እንዳለ ማን ያውቃል? በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? አራት ሳምንት ሙሉ ከጋሪ ጋር ልኬዋለሁ።

የትናንቱን ሁለት ገጽ ሰረዝኩት። 

እሑድ፣ ግንቦት 10

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቀጥታ ቦኖው ጋ ሄድኩ። ሰዒድ ለራሱ ደንበኞች ሊቀዳ ተሰልፎ ነበር። ለተብርሃንና ሁለት ልጆች ከኮሌጅ እሱ ጋ ነበሩ፤ ማንም አላዘዛቸውም። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ኧረ መምህር፣ አንቱ ባይቆጡ ማን ይቆጣ» ብሎ ጀሪካን ገልብጦ አስቀመጠኝ።

ከኋላዬ ያለች ሴትዮ «ጀሪካን ሳትይዢ ተራ ለምን ትይዢያለሽ? ወጪ!» ብላ ጮኸችብኝ። ጥናት ነው አልኳት። «ጥናት ከሆነ ከዳር ሆነሽ አጥኚ» አለች። ከዳር ሆንኩ።

ሦስት ሰዓት ያህል ቆየሁ። ሰዒድ እንደ እኔ አያሳይም፣ እንደ መጽሐፉም ችግር አይሰጥም። አንዱን ልጅ አሠርቶ፣ ያንኑ ልጅ ለሌላው እንዲያሠራ ያደርገዋል። እሱ ጋሪው ላይ ተደግፎ ያያል፤ ሲሳሳቱ «እ?» ይላል ብቻ። «እ?» ሲል ይፈታሉ። ማን ይህን አስተማረህ አልኩት። «ምን ትምህርት አለው፣ መምህር? እኔም እንዲህ ነው የለመድኩት፤ አሠሪዎቼ ለማስረዳት ጊዜ አልነበራቸውም።»

ያለቁ፦ ምዕራፍ ሁለት (አዲስ መጨረሻ ተጨምሮበት)፣ ምዕራፍ ሦስት።
የቀሩ፦ ምዕራፍ አራት ግማሹ፣ ማጠቃለያው፣ የገጽ ቁጥሩ፣ ሕትመቱ።

ምዕራፍ አራት እንዲህ ይጀምራል፦ «ሁለቱ ቡድኖች አልተለያዩም። ስሕተቱ የአጥኚዋ ነው።» የቀደድኩትን የተራ ዝርዝር በፕላስተር አጣብቄ፣ ስሞቹን ሸፍኜ፣ አባሪ አድርጌ ጨመርኩት። ተስፋይ አነበበውና «ራስሽን ነው የከሰስሽ» አለ። ከዚያ ተነሥቶ የገጽ ቁጥር አስገባልኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ማተሚያ ቤቱ ሁለት ጊዜ መብራት ሄደበት። አምስት ሰዓት ላይ ዶክተር ሐጎስ ቢሮ ደረስኩ። ሬጅስትራር ያለ እሱ ፊርማ አይቀበልም።

ቆሞ ምዕራፍ አራትን ገለጠ። ፊቱ ተለወጠ። «ይህን ማን ይጻፉ አለዎት?» ማንም አልኩት። «ንጽጽሩ የት አለ?» ፈረሰ አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት፤ አረፋውን፣ ዝርዝሩን፣ ወረፋውን። ዓርብ የጻፍኩትን ሁለት ገጽም ነገርኩት፤ ለምን እንደነገርኩት እግዜር ይወቅ።  «ገምጋሚዎቹ በቁምዎ ነው የሚበሉዎት» አለ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና «ውጭ ይጠብቁ» አለኝ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ጸሐፊዋ ለምሳ ወጣች። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ተመለሰች። እሱ አልወጣም። በሩን ላንኳኳ ሦስት ጊዜ ተነሣሁ፣ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። ሬጅስትራር የሚዘጋው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሆዴ ሲጮኽ እስከ እነሱ ቢሮ ድረስ የሚሰማ መሰለኝ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ጠራኝ። ፈርሞ ነበር። ፊርማውን ስላየሁ የሚለውን አልሰማሁም፤ «ይውሰዱና ያስገቡ» ብሎ ሁለት ጊዜ ነው የነገረኝ።

«አልፋለሁ?» አልኩት።

«አላውቅም» አለ። «እንዲህ ያለ ምዕራፍ ሲያልፍ አላየሁም። ሲወድቅም አላየሁም፤ የጻፈው የለማ።» መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን አሸት አሸት አደረገ። «ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። እዚህ ቢሮ ከገባሁ ጀምሮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ያነበብኩት ጥናት ይህ ነው።»

«ይህን ብቻ?»

«ይህን ብቻ» አለ፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

ወረቀቱን ታቅፌ ሬጅስትራር ሮጥኩ፤ ማኅተም መታችበት። ሮማናት አደባባይ እስክደርስ ድረስ እሥቅ ነበር፤ ሰው ዞሮ ያየኛል። እዚያ ታክሲ ስጠብቅ ግን እንባዬ መጣ፤ የደስታ ይሁን የንዴት አልለየሁትም። ስንቱ ሰው እንደ እኔ ዓመቱን ጨርሶበት ጽፎ፣ ማንም ሳያነበው አልፏል? እኔስ የተነበበልኝ ስለተበላሸ ነው?

የዲፌንሱን ቀን በስልክ እንነግርሻለን ብለዋል። መብራት እያለ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ።